አራተኛ ፎቅ ላይ አልጸድቅ ያለው የጥብስ ቅጠል

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ላይ የጥብስ ቅጠል ለማሳደግ ስሞክር ይኸው ሦስተኛ ጊዜዬ። የመጀመሪያውን ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ገዛሁ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ደረቀ። ሁለተኛውን አክስቴ ከግቢዋ ነቅላ ሰጠችኝ፤ እሱም ክረምቱን አላለፈም። አሁን ያለው ደግሞ ከታች ጀምሮ ቅጠሉ እየጠቆረ ይረግፋል። ውኃ አላጎደልኩበትም። እንደ በሶብላዬ ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ፤ የደረቀ ሲመስለኝ ማታም እጨምርለታለሁ። የተከልኩት በቀለም ባልዲ ነው። ከሥር ጠጠር አድርጌ፣ ከግቢያችን የቆፈርኩትን ጥቁር አፈር ከፍግ ጋር ሞላሁበት። ባልዲው ቀዳዳ ነበረው። ግን ውኃው ታች ፎቅ ያለች ጎረቤቴ ልብስ ላይ እየተንጠባጠበ ስላጣላን ደፈንኩት። አማቴ ደግሞ ቡና በተፈላ ቁጥር አተላውን ይደፉበታል፤ ‹ያፋፋዋል› ይላሉ። አሁን ‹የሷ እጅ አያጸድቅም› እያሉ ለዘመድ ሁሉ ይናገራሉ። እውነት የእጅ ነገር አለ? ወይስ ምን በድዬው ነው?
ያለ ቅጠሉ ጥብስ የማይጥማት»

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። ደብዳቤሽን እያነበብኩ «ደፈንኩት» የሚለው ጋ ስደርስ የያዝኩትን ስኒ አስቀመጥኩ። ነገሩ እዚያው ላይ አልቋል። የጥብስ ቅጠልሽ ውኃ ውስጥ ሰምጦ ነው የሚሞተው። የፊተኞቹ ሁለቱም በዚሁ እንደሄዱ ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም።

የእጅ ነገር ላልሽው፣ እኔም በጊዜዬ «እጅ የለሽ» ተብያለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ቆንጆ የአበባ ሸክላ አየሁ። ቀዳዳ የለውም። ሻጩ «ከሥሩ ድንጋይ ካደረግሽበት ምንም አይልም» አለኝ። አመንኩት። ሰኔ ላይ ተከልኩ፣ ነሐሴ ላይ ቀበርኩ። የተረፈኝ ሸክላው ነው፤ አሁን ጃንጥላ ይቆምበታል።

አሁን ዋናውን ወጥመድ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተክሉ ውኃ ሲጠማው ቅጠሉ ይደርቃል። ውኃ ሲበዛበትም ቅጠሉ ይደርቃል። ላይ ላዩን ሲያዩት ይመሳሰላሉ። ምክንያቱም ሥር ይተነፍሳል። አፈሩ መሐል ያለው ክፍተት ሁሉ ውኃ ሲሞላው አየር ያጣል፣ ይታፈናል፣ ከዚያ የሚያበሰብሱ ተሕዋስያን ይገቡበታል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ አይችልም። እናም ተክሉ ውኃ መሐል ቆሞ በጥም ይሞታል። አንቺ ከላይ ደርቆ ታዪዋለሽ፤ ታዝኚለታለሽ፤ ማታም ትጨምሪለታለሽ።

ይህን እንድታምኚኝ ዛሬውኑ ባልዲውን ጋዜጣ ላይ ገልብጪው። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ወይም ክሬም መልክ ያለው ነው፤ ስትስቢው ጠንከር ይላል። የበሰበሰው ጥቁር ወይም ቡና ዓይነት ነው። በሁለት ጣት ይዘሽ ሳብ ስታደርጊው ልጡ እንደ ተቀቀለ ሽንኩርት ሙልጭ ብሎ ይወጣና ውስጡ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል። ሽታውም አይሳትም፤ የተዘጋ ቱቦ ሽታ ነው።

ተክሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ አገሩን ማየት ያስፈልጋል። የጥብስ ቅጠል፣ ሌሎች ሮዝመሪ ወይም የስጋ መጥበሻ የምትሉት፣ የኛ አገር በቀል አይደለም። አዝመሪኖ የሚለው ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛው ሮዝማሪኖ የመጣ ነው። የትውልድ ቦታው የሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። እዚያ የሚበቅለው ድንጋያማ፣ ኖራ የበዛበት፣ ዝናብ ጠብ ሲል ወዲያው ውጦ የሚደርቅ ተዳፋት ላይ ነው። በጋው ለወራት ዝናብ አያይም። አንዱን ቅጠል ገልብጠሽ እዪው። እንደ መርፌ ቀጭን ነው፤ ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል፤ ከሥሩ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር አለው። ይህ ሁሉ ያለችውን እርጥበት ላለማባከን ነው። በሶብላሽ ግን ሰፊና ለስላሳ ቅጠል ያለው፣ ቶሎ የሚጠማ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማጠጣት የልጅና የሽማግሌ ምግብ በአንድ ሰሃን እንደ ማቅረብ ነው።

ወደ አፈሩ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ነውና።

ከግቢያችሁ የቆፈርሽው ጥቁር አፈር ዋልካ ይመስለኛል። ከቦሌ እስከ አቃቂ ያለው ሜዳ በዚህ አፈር ይታወቃል። ክረምት ጫማ የሚነቅል፣ በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሠራው ማለቴ ነው። ለጤፍ ጥሩ ነው። ባልዲ ውስጥ ግን ሲረጥብ ያብጣል፣ ክፍተቱን ሁሉ ይዘጋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ ከባልዲው ግድግዳ ይለቃል። ያኔ ስታጠጪ ውኃው በዚያ ስንጥቅ በጎን ሾልኮ ይወርድና መሐሉ እንደ ጡብ ደረቅ ይቀራል። ከሁለት ያጣ ማለት ይኼ ነው።

ጠጠሩስ? እኔም ሆንኩ ያ ሻጭ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ከሥር ጠጠር ማድረግ ውኃ እንዲያንጠፈጥፍ ይረዳል ይባላል፤ አይረዳም። ወጥ ቤትሽ ያለውን የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ንከሪውና በአግድም ዘርግተሽ ያዢው። ጠብ ጠብ ይልና ያቆማል። ግን ገና እርጥብ ነው፤ በተለይ የታችኛው ጎኑ። አሁን ጠጠር ላይ አስቀምጪው። ምንም አይጨምርም፤ ውኃው ከስፖንጁ ወጥቶ ወደ ጠጠሩ አይወርድም። አፈርም እንደዚያው ነው። ደቃቁ አፈር ውኃውን ይይዛል እንጂ ሰፊ ክፍተት ላለው ጠጠር ቶሎ አይለቅም። ጠጠሩ ያደረገው ነገር ቢኖር እርጥቡን ክፍል ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ማቅረብ ብቻ ነው። አሁን ስፖንጁን በቁሙ አቁሚው፤ እንደገና ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከሰፊና ጠፍጣፋ ዕቃ ይልቅ ጠለቅ ያለው ይሻላል። ጠጠሩን መጠቀም ከፈለግሽ አፈሩ ውስጥ ቀላቅዪው እንጂ ከሥር አትደርድሪው።

የምን ጠጠር? አዲስ አበባ ላይ ይህን ጥያቄ መመለስ ደስ ይለኛል፤ ሌላው ዓለም በውድ የሚገዛው ነገር እኛ ጋ መንገድ ላይ ተደፍቶ ይገኛልና። ቤት የሚሠራበት ቦታ ሂጂ። ለመሙያ የሚያመጡት ቀይ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ከድንጋይ ቀለል የሚል ነገር አለ፤ ሬድ አሽ ይሉታል። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ፑሚስ የሚሉት ነጣ ወይም ግራጫ ያለው ጠጠር ታገኛለሽ፤ እሱ ከመቅለሉ የተነሣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ሁለቱም ይሆናሉ። አንድ ፌስታል ብትጠይቂ ማንም የሚከለክልሽ አይመስለኝም፤ ምን ልታደርጊበት እንደሆነ ግን ይጠይቁሻል። «ለጥብስ» በያቸው።

ሬድ አሹን እንደመጣ እንዳትጠቀሚበት። ዱቄቱ ብዙ ነው፤ ክፍተቱን የሚደፍነው እሱ ነው። አሮጌ ወንፊት ካለሽ ንፊውና ዱቄቱን ጣይ። ከሽምብራ የሚበልጠውንም ለይተሽ አውጪ። ከጤፍ ከፍ ብሎ እስከ ሽምብራ የሚያክለው ነው የሚፈለገው። በውኃ አጠብ አጠብ አድርጊው። ከዚያ በጣሳ ለኪ፦ ሬድ አሽ ሦስት ጣሳ፣ ቀይ አፈር ሁለት ጣሳ፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት አንድ ጣሳ። ቀይ አፈር የምልሽ ከእንጦጦ ሥር፣ ከጉለሌ በኩል የሚገኘውን ዓይነት ነው። ዋልካ ብቻ ካለሽ ግን አፈሩን አንድ ጣሳ አድርጊና ሬድ አሹን ወደ አራት ከፍ አድርጊው። የልስን አሸዋ አትቀላቅይበት፤ ደቃቅ አሸዋና ጭቃ ሲገናኙ ግድግዳ ይሆናሉ።

ከደባለቅሽ በኋላ አርጥቢውና በእጅሽ ጭብጥ አድርገሽ ፍቺው። ጭብጡ በጣት ነካ ስታደርጊው ከተፈረካከሰ ጥሩ ነው። እንደ ድቡልቡል ሊጥ ቅርጹን ይዞ ከቆመ ሬድ አሽ ጨምሪ። ተክለሽ ስትጨርሺም አንድ ብርጭቆ ውኃ አፍስሺበት። ላዩ ላይ ተኝቶ የሚያይሽ ከሆነ ገና ነው፤ እያየሽው መስረግ አለበት።

ፍጉስ? ትኩስ ፍግ በፍጹም። ያደረውና አፈር የመሰለው፣ ከላይ ያልኩሽ አንድ ጣሳ ውስጥ ከገባ በቂ ነው። ይህ ተክል ሲጠግብ ይበላሻል። ብዙ ማዳበሪያ ያገኘ የጥብስ ቅጠል ቁመቱ ይመዘዛል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ ሽታው ይቀንሳል። የምትፈልጊው ደግሞ ሽታውን ነው። ድስት ላይ ሲያርፍ ቤቱን የሚያውደው ዘይቱ የሚጠነክረው ትንሽ ሲቸገርና ፀሐይ ሲመታው ነው።

የአማትሽን አተላ እንዴት አድርገን እንከልክል? አተላው ሲደርቅ ላዩ ላይ እንደ ቆዳ ይጋገራል፤ ውኃና አየር አያሳልፍም፤ ሲረጥብ ደግሞ ይሻግታል። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ በወር ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠራቀም አስቢው። ለኮምፖስት ግን ምርጥ ነው። ስለዚህ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ከጀበናው አጠገብ አስቀምጪና «እማማ፣ አተላውን እዚህ ያጠራቅሙልኝ፤ ለማዳበሪያ እፈልገዋለሁ» በያቸው። ከድንች ልጣጭና ከደረቀ ቅጠል ጋር እየተቀላቀለ ይቆይ። እሳቸውም ሥራ አላጡ፣ ተክሉም ተገላገለ።

አሁን ጎረቤትሽ። እውነቷን ነው፤ ታጥቦ የተሰጣ ነጭ ነጠላ ላይ የአፈር ውኃ ሲንጠባጠብ ማን ዝም ይላል? ግን መፍትሔው መድፈን አይደለም። ባልዲውን መልሰሽ ብሺው፤ እንዲያውም አምስት ስድስት ቦታ፣ የትንሽ ጣትሽን ውፍረት ያህል። አፈሩ እንዳይፈስ ቁራጭ የወባ አጎበር ከውስጥ አንጥፊበት። የማጠጫ ቀን ሲደርስ ተሸክመሽ ሻወር ቤት ውሰጂው። ውኃው ከሥር እስኪፈስ አጠጪው። ግማሽ ሰዓት እዚያው ይንጠፍጠፍና ወደ በረንዳው ይመለስ። ከሥሩ አሮጌ ትሪ አድርጊለት፤ ትሪው ላይ የተጠራቀመ ውኃ ካየሽ ግን ድፊው፤ ተክሉ እግሩን ነክሮ አይደር። የበረንዳ ብረት ላይ አታንጠልጥዪው፤ ከአራተኛ ፎቅ የሚወድቅ ባልዲ ከልብስ የባሰ ጸብ ያመጣል።

ደግሞ ሃያ ሊትር የቀለም ባልዲ ለትንሽ ችግኝ በዝቷል። ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውኃውን የሚጠጣለት የለም፤ ረጥቦ ይቆያል። በ4 ወይም 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጀምሪ፤ አንገቱን ቆርጠሽ። ሥሩ ከቀዳዳው ብቅ ሲል ወደ 10 ሊትር አሳድጊው። ያልተቀባ ሸክላ ካገኘሽ እሰየው፤ በጎኑም ይተነፍሳል፣ ቶሎ ይደርቃል። ግን ይከብዳል፤ ሻወር ቤት የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።

ስንት ቀን ላጠጣ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። በቀን አልነግርሽም። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ጫፉ እርጥበት ከነካው ተዪው። ደረቅ ከሆነ ጠጥቶ እስኪያንጠፈጥፍ አጠጪ። ትንሽ ትንሽ መርጨት የለም። ከለመድሽው በኋላ ጣትም አያስፈልግሽም፤ ጀሪካኑን ከፍ አድርገሽ በክብደቱ ታውቂዋለሽ። በጥርና በየካቲት በረንዳሽ ፀሐይ ካለው በሳምንት ሁለቴ ሊሆን ይችላል። በክረምት ጣሪያ ሥር ከሆነ ሁለት ሳምንትም ሳትነኪው ሊቆይ ይችላል። ዝናብ ግን አይምታው። ሐምሌና ነሐሴን ውጭ ያሳለፈ ባልዲ መስከረም ላይ ምን እንደሚሆን አክስትሽ የሰጠችሽ ነግሮሻል። የአክስትሽ ግቢ ውስጥ ዝናብ እየመታው ደህና የነበረው መሬት ላይ ስለሆነ ነው፤ ውኃው የሚሄድበት ጥልቀት አለው።

ፀሐይ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል። በረንዳሽ ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ በበጋ ፀሐይ ይሞላዋል፣ በክረምት ጥላ ይሆናል። ወደ ሰሜን ከሆነ የተገላቢጦሽ። ተክሉ ሲጨልምበት ደግሞ ውኃ የሚጠጣው ያንሳል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ አየርና ፀሐይ አጥቷል ማለት ነው፤ ከግድግዳው አርቂው።

(ሚኒሶታና ዋሽንግተን ሆናችሁ የምታነቡኝ፣ ለእናንተ ነገሩ ሌላ ነው። በባልዲ ያለ ሥር መሬት ውስጥ እንዳለው ከብርድ አይከለልም፤ በረዶ ከመጣሉ በፊት አስገቡት። ማሞቂያው አጠገብ ሳይሆን ቀዝቀዝ ያለ፣ ብርሃን የሞላበት መስኮት ሥር ይሁን።)

አሁን ያለውን ተክልሽን አድናለሁ ብለሽ ብዙ አትድከሚ። ሥሩ ግማሹ ነጭ ከሆነ የበሰበሰውን በመቀስ ቆርጠሽ፣ በአዲሱ አፈር ትከዪውና ዕድሉን ስጪው። ሁሉም ከጠቆረ ግን ከላይ ገና አረንጓዴ ያለውን ጫፍ ቆርጠሽ አትርፊ። ዛሬውኑ። አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል፣ አበባ ያልያዘ፤ በጣም ለጋም በጣም እንጨትም ያልሆነ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠሉን መልምዪ። ስድስት ሰባት አድርጊ፤ ሁሉም አይዝም። ከሥሩ የተበሳ የእርጎ ዕቃ ውስጥ ሬድ አሽ ብቻ ሞልተሽ፣ አርጥበሽ ሰክሺው። ላዩ ላይ ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፊበት፤ ክዳኑን ግን ክፈቺው፤ አየር ያስፈልገዋል። ብርሃን ያለው፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ አስቀምጪ። ከአንድ ወር እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። ጫፉ ላይ አዲስ ለጋ ቅጠል ሲወጣ ሥር ይዟል።

ሲያድግልሽም ለጥብስ ስትቆርጪ ከአንዱ ቅርንጫፍ ቅጠሉን እየመለጥሽ ግንዱን አታራቁቺው። የለጋውን ጫፍ በመቀስ ቁረጪ፤ ከቆረጥሽበት ሥር ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። አንድ ጊዜ ከጠቅላላው ከሲሶ በላይ አትውሰጂ። ቅጠል ወደሌለው አሮጌ እንጨት ዘልቀሽ ከቆረጥሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አያቆጠቁጥም።

አንድ የቀረ ነገር። ያዘ ወይስ አልያዘ እያልሽ ቅንጣቢውን እየነቀልሽ እንዳታዪው። እኔ የመጀመሪያዎቹን አራቱን እንዲያ አድርጌ ነው የጨረስኳቸው። አምስተኛውን ጎረቤቴ ዘንድ አስቀመጥኩት፤ ቁልፉ እሷ ጋ ስለነበረ ያዘ።